ነጩ ኮምፒውተርና የእትዬ ጥያቄ

እናቴ ትተኛበት በነበረው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አንድ ነጭ ላፕቶፕ ተቀምጧል። ከተሠራ ሃያ ዓመት አልፎታል። ባትሪው ስላበጠ አውጥቼዋለሁ፤ ስለዚህ ገመዱ ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል፣ መብራት ሲሄድም አብሮ ይሄዳል። ትንሹ ልጄ ባየው ቁጥር «አባዬ፣ ይሄን ለቆራሌው ለምን አትሰጠውም?» ይለኛል።

አልሰጥም። ለምን እንደማልሰጥ ለማስረዳት ግን የኮምፒውተሩን ታሪክ ብቻ ማውራት አይበቃኝም። የትልቋን እህቴንም ታሪክ መጨመር አለብኝ። ሁለቱ ታሪኮች የተገናኙት አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና እየተፈላ ሳለ ነው።

ለሚሊኒየም የመጣ ስጦታ

ላፕቶፑ አፕል የሠራው አይቡክ ጂ4 ነው። ቨርጂኒያ የምትኖረው ታናሽ እህታችን እ.ኤ.አ. በ2005 ገዝታው ሁለት ዓመት ተጠቀመችበት። ለሚሊኒየሙ በዓል ወደ አገር ቤት ስትመጣ ደግሞ በፎጣ ጠቅልላ፣ ሻንጣዋ ውስጥ ከልብስ መሃል ከታ ይዛልን መጣች። ያኔ እኛ ሰፈር ላፕቶፕ ያለበት ቤት ጥቂት ነበር። ትልልቆቹ ልጆቼ ኪቦርድ የለመዱት በእሱ ነው። እማዬ የምትወዳቸውን የጥላሁን ገሠሠንና የብዙነሽ በቀለን ዘፈኖች ከካሴት አስገልብጬ ያስቀመጥኩትም በእሱ ላይ ነው።

ያላወቅነው ነገር ቢኖር፣ ኮምፒውተሩ እኛ እጅ ሲገባ የሠራው ኩባንያ ፊቱን ወደ ሌላ ካዞረ መቆየቱን ነበር። የአይቡኩ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ስሌቱን ሁሉ የሚሠራለት ክፍል፣ «ፓወርፒሲ» የሚባል ዓይነት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2005 አጋማሽ ላይ ይህን ትቶ ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰር እንደሚሸጋገር አስታወቀ፤ በቀጣዩም ዓመት ሽግግሩን አጠናቀቀ። በ2009 ያወጣው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በእኛ ዓይነቱ ላይ ጭራሽ የማይጫን ሆነ። ፋየርፎክስም በ2011 አራተኛውን እትሙን ሲያወጣ ለፓወርፒሲ ማኮች ማዘጋጀቱን ተወ።

እኛ ቤት ይህ ሁሉ የታየው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ቪዲዮ እምቢ አለ። ቀጥሎ አንድ ኢሜይል እስኪከፈት ቡና አፍልቶ መጠጣት የሚቻል ሆነ። አማርኛ ያለበት ገጽ ደግሞ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ደርድሮ ያሳየን ነበር። የሚገርመው ዕቃው ራሱ ደህና ነው። ስክሪኑ ጥርት ያለ ነው፤ ከኪቦርዱ አንድም ፊደል አልወለቀም።

በእኛ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም ክረምት፣ ፒያሳ ኮምፒውተር ለሚጠግን አንድ ወጣት አሳየሁት። ገለባብጦ አየውና «ጋሼ፣ ይሄ ዕቃ እኮ ምንም አልሆነም፤ የሚያስብለት ሰው ነው ያጣው» አለኝ። ቀጥሎም «ዴቢያን ልጫንልዎት?» ሲል ጠየቀኝ።

በርበሬውና መጠኑ

ዴቢያን በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ የተባለ አሜሪካዊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጀመረው። ስሙንም ያወጣለት ዴብራ የምትባለውን የያኔ ፍቅረኛውን ስም ከራሱ ስም ጋር አገጣጥሞ ነው። ባለቤት የሆነ ኩባንያ የለውም። በዓለም ዙሪያ የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች በጋራ ያዘጋጁታል፤ የፈለገ ሰው ደግሞ ያለ ክፍያ ይወስደዋል።

ቤት ስመለስ ባለቤቴ «በነጻ? ምን ፈልገው ነው?» አለችኝ። በበርበሬ አስረዳኋት። ከሱቅ በተገዛ የተፈጨ በርበሬ ውስጥ ኮረሪማውን መልሶ መልቀም አይቻልም። በሶብላው ስንት እንደገባ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይብዛ ይነስ ማወቅም አይቻልም። አብዛኛው የምንገዛው ሶፍትዌር እንዲሁ ተፈጭቶ ነው የሚመጣው። «ኦፕን ሶርስ» የሚባለው ግን ከዱቄቱ ጋር መጠኑንም ጽፎ ይሰጣል። የፈለገ ያነበዋል፣ ያስተካክለዋል፣ ራሱ አዘጋጅቶ ያስፈጨዋል። ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር የተሰናዳውን ለሌላ ዓይነት እንዲስማማ አድርጎ ማዘጋጀት ደግሞ «ፖርት» ይባላል። ዴቢያን ለፓወርፒሲ የተዘጋጀ ፖርት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ነበረው።

ወጣቱ ሲዲውን አስገብቶ፣ «ሲ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ኮምፒውተሩን አስነሳው። ዋይፋዩ መጀመሪያ አልሠራም። ካርዱ አንድ ተጨማሪ ትንሽ ሶፍትዌር ይፈልግ ስለነበር፣ እሱን በኬብል አውርዶ ጫነለት። ከዚያ «አቢሲኒካ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ጨመረበት። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ገብቶ ስለነበር፣ ቅርጹ እንደተገኘ እነዚያ ባዶ ሳጥኖች ሁሉ ወደ ሀ ሁ ሂ ተለወጡ። ለልጁ ሁለት መቶ ብር ሰጠሁት። ለዴቢያን ሰዎች ምንም አልከፈልኩም። ማን እንደሆኑም አልጠየቅሁም።

ልጆቼን የማረካቸው ስሙ ነበር። የዴቢያን እትሞች ስማቸውን የሚያገኙት «ቶይ ስቶሪ» ከተባለው የልጆች ፊልም ገጸ ባሕርያት ነው። መጀመሪያ የጫንነው ሰባተኛው እትም «ዊዚ» ይባላል፤ በፊልሙ ውስጥ ድምፁ ተበላሽቶ መደርደሪያ ላይ የተረሳው ፔንግዊን ነው። በዓመቱ የመጣው ስምንተኛው «ጄሲ» ነበር፤ ባለቤቷ አድጋ የተወቻት አሻንጉሊት። ለአሮጌ ኮምፒውተር ከዚህ የተሻለ ስም የለም ብለን ሳቅን።

ያኔ ያልገባኝ ነገር፣ ፖርት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አለመሆኑ ነው። ስምንተኛው ዴቢያን ብቻ ከ43,000 በላይ የሶፍትዌር ጥቅሎች ነበሩት። እነዚህ በታደሱ ቁጥር ለፓወርፒሲም እንደ አዲስ መዘጋጀት አለባቸው። አብዛኛው ፕሮግራም ጸሐፊ ደግሞ የሚሠራው በኢንቴል ዓይነት ኮምፒውተር ነው። ፓወርፒሲ አንድን ቁጥር ሲያስቀምጥ ከትልቁ ቤት ይጀምራል፤ ኢንቴል ደግሞ ከትንሹ። አንዱ 1234 ብሎ የጻፈውን ሌላው 4321 ብሎ እንደማንበብ ያለ ነገር ነው። ይህን ሳያስብ የተጻፈ ፕሮግራም እኛ ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ ይሳሳታል ወይም ደርሶ ይዘጋል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስህተቱን መፈለግ፣ ማረም፣ መልሶ መላክ ይኖርበታል። ነገም ሌላ ይመጣል። ይህን የሚያደርገው ሰው አይታይም። የሚታየው ሥራው የቀረ ቀን ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ

በኅዳር 2007 ዓ.ም እማዬን ስትሮክ መታት። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አለ። ሁላችንም «እትዬ» የምንላት ትልቋ እህታችን ጉለሌ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻት። ማን ይውሰዳት ተብሎ አልተመከረም። እትዬ ካለች ሌላ ሰው አይታሰብም ነበር።

እኔ እሁድ እሁድ ብርቱካንና ሙዝ ይዤ እሄዳለሁ፤ የእማዬን ግንባር ስሜ፣ ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ። ላፕቶፑንም ዘፈኖቿን እንድትሰማበት ብዬ እሷ ክፍል አስቀመጥኩት። ሐዋሳ ያለው ወንድማችን በበዓል ይመጣል። የቨርጂኒያዋ ገንዘብ ትልካለች። ሁላችንም ድርሻችንን የተወጣን ይመስለን ነበር።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም አንድ እሁድ ላፕቶፑን ለማደስ ተቀመጥኩ። የሚታደስ ነገር አልነበረም። ነገሩን ሳጣራ፣ ዘጠነኛው ዴቢያን ከዓመት በፊት ያለ ፓወርፒሲ መውጣቱን ደረስኩበት። የእኛው ስምንተኛ እትም የደኅንነት ማሻሻያም በሰኔ ቆሟል። ፖርቱን ለቀጣዮቹ ዓመታት ኃላፊነት ወስዶ የሚይዝ በቂ ሰው ስላልተገኘ ከዋናው ዝርዝር ወጥቷል።

ተናደድኩ። አፕል ሲተወን ያልተናደድኩትን ያህል ተናደድኩ።

«አየሽ እትዬ፣ እነዚህም ተዉን!» አልኳት። «አሮጌ ዕቃ ያለውን ሰው እንዲህ ሜዳ ላይ ይጥላሉ?»

እትዬ የእማዬን አንሶላ ለውጣ መውጣቷ ነበር። እርጥብ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ረከቦቱ አጠገብ ተቀመጠች። ለካ ስንት ጊዜ ስለ ኮምፒውተሩ ሳወራ ስትሰማኝ ኖራለች።

«ስንት ሰዎች ናቸው?» አለችኝ።

«ለዚህኛው? ጥቂት ናቸው።»

«ደመወዝ አላቸው?»

«የላቸውም። በፈቃዳቸው ነው የሚሠሩት።»

«አንተ ረድተሃቸው ታውቃለህ?»

«እኔ ምን አውቄ እረዳቸዋለሁ?»

«እሺ፣ መርዳቱ ይቅር። እንዴት ናችሁ፣ ከበዳችሁ ወይ ብለህ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

ጀበናውን አነሳችና ሁለተኛውን ቀዳች። ከስኒው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ «እኔስ ከነገ ጀምሮ አልቻልኩም ብል፣ ሜዳ ላይ ጣለችን ትላለህ?» አለችኝ።

ልመልስ አፌን ከፈትኩ፤ የሚወጣ ቃል አጣሁ። ያን ቀን ነው እትዬን ያየኋት። ወገቧን በነጠላ ጥፍር አድርጋ አስራለች። እማዬ ጀርባዋ እንዳይቆስል ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ተነስታ ታገላብጣታለች። ከሰፈር ማኅበሯ ከቀረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ራሷ ስልሳን አልፋለች። ከሦስት ዓመት በላይ እሁድ እሁድ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ቡናዋን ስጠጣ፣ «እማዬ እንዴት አደረች?» እላታለሁ እንጂ «አንቺስ እንዴት አደርሽ?» ብያት አላውቅም።

«እናቴ ናት፤ እወዳታለሁ» አለች። «ግን ደክሞኛል።»

ሁለት ገጽ

በዚያው ሳምንት አራታችንም በስልክ ተነጋገርን። ቀላል አልነበረም። ወንድሜ «እኔ ሩቅ ነኝ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ተቆጣ። የቨርጂኒያዋ «ለምን እስከዛሬ አልነገራችሁኝም?» ብላ አለቀሰች። በመጨረሻ እሷ ቀን ቀን የምትረዳ ሠራተኛ እንድትቀጠር ገንዘቡን ልትችል፣ ወንድሜ በየሁለት ወሩ መጥቶ አንድ ሳምንት ሊቀመጥ፣ እኔ ደግሞ ከዓርብ ማታ እስከ እሁድ እዚያው ላድር ተስማማን።

የመጀመሪያው ዓርብ እትዬ ቢሾፍቱ ወዳለች ጓደኛዋ ሄደች። ሌሊት እማዬ ውሃ ጠየቀችኝ። እንደተኛች ብርጭቆውን ወደ አፏ አስጠጋሁ። ትን አላት። ሳሉ አልቆም ብሎ ፊቷ እስኪጠቁር ድረስ አንገቷን ደግፌ ይዤ ቆየሁ። መለስ ስትል እኔ እንቀጠቀጥ ነበር። እሷ በደህናው እጇ ጉንጬን ዳበስ አደረገችኝ።

ጠዋት ለእትዬ ደወልኩ።

«ቀና አድርገህ አስቀምጠህ፣ አገጯን ዝቅ አድርጋ፣ በማንኪያ ነው እንጂ!» አለችኝ። «ሐኪሙ እኮ እንደዚያ ብሏል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ?»

የዚያ ቤት ሥራ ሁሉ እትዬ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ተፈጭቶ፣ ተደባልቆ፣ እሷ ብቻ የምታውቀው በርበሬ ሆኖ። እሷ አንድ ቀን ብትታመም ማናችንም ከምን ላይ እንደምንጀምር አናውቅም።

እሁድ ስትመለስ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ «ንገሪኝ፣ ልጻፍ» አልኳት። መጀመሪያ «ምኑ ይጻፋል?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገረች። የትኛው ኪኒን ከምግብ በፊት፣ የትኛው በኋላ። ከተኛች በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ። ስትነሳ በሽባው እጇ አለመጎተት። ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብላ መቀመጥ። ቡና ስትጠይቅ አለመከልከል፣ ግን ግማሽ ስኒ። ማታ ሆድ ሲብሳት ጥላሁንን ከፍቶ አጠገቧ መቀመጥ፤ ወሬ አለማብዛት።

ሁለት ገጽ ሆነ። በፍላሽ ወስጄ አሳተምኩትና በሩ ላይ ለጠፍነው። ሠራተኛዋ አነበበችው፤ ወንድሜ ከሐዋሳ ሲመጣ አነበበው። እትዬ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥምቀት ጃንሜዳ ወጣች።

ንዴቴ ሲበርድ ስለ ዴቢያን ሰዎች ደግሜ አሰብኩ። አልጣሉንም። አዲሱ እትም ከመውጣቱ ወራት በፊት የሚያግዝ ሰው እንዳለ ጠይቀዋል። በቂ ሰው ሲያጡ ፓወርፒሲ እንደማይኖር በግልጽ ተናግረዋል። የመጨረሻውን እትም የፈለገ እንዲወስደው አስቀምጠውታል፤ መጠኑም ተጽፎ አለ። እንዲያውም ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ከዋናው ዝርዝር ውጪ በሆነ ክፍል የፓወርፒሲውን ሥራ እስከ ዛሬ ይዘውታል። አልቻልንም ብሎ በጊዜ መናገር፣ ዝም ብሎ ተሸክሞ አንድ ቀን ከመውደቅ ይሻላል። እትዬ ለመናገር ሦስት ዓመት የፈጀባት ስለማንጠይቃት ነው።

ላፕቶፑን ከኢንተርኔት አላቀቅሁት። የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ ኮምፒውተር የባንክ ሥራ ወይም ኢሜይል ሊከፈትበት አይገባም። ዘፈን ለማጫወት፣ ፎቶ ለማሳየትና ለመጻፍ ግን ማንንም አይፈልግም። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ፣ ከመጣላችሁ በፊት ፎቶውንና ጽሑፉን ወደ ሌላ ገልብጡ፤ ለሰው የምትሰጡት ከሆነ የግል ነገራችሁን አጥፉ፤ ባትሪው ካበጠ አትጠቀሙበት፣ አትውጉት፣ ከልጆችም አርቁት።

እማዬ በጥር 2013 ዓ.ም አረፈች። ዓርብ ሌሊት ነበር፤ ተራው የእኔ ነበር። እትዬን ደውዬ ጠራኋት፤ ደረሰችላት። ሁለታችንም እጇን ይዘን ነበር።

ከአርባው በኋላ የእትዬ ጎረቤት የሆኑ እናት መጡ። ባለቤታቸውን ስትሮክ መትቷቸው ከሆስፒታል መውጣታቸው ነበር። «ያን በሩ ላይ የነበረውን ወረቀት ሰጥታችሁኝ ባየው» አሉን። ላፕቶፑን ከፍቼ ጽሑፉን አወጣሁት። አብረን ተቀመጥን። የእሳቸው ባለቤት የታመመባቸው ቀኝ ጎናቸው ነው፤ «ግራ» የሚለውን ሁሉ «ቀኝ» አልነው። የኪኒኑን ሰዓት ሐኪማቸው ባዘዘው ቀየርነው። ቡናውን ሰረዝን፤ ሰውየው ሻይ ነው የሚወዱት። ጥላሁንንም አወጣንና በምትኩ «ማታ ሁለት ሰዓት ዜና ይከፈትላቸው» ብለን ጻፍን። እትዬ ከጀርባዬ ቆማ ታነብ ነበር። «ከሥር አንድ ነገር ጨምር» አለችኝ። «የምታስታምመውን ሰው፣ አንቺስ እንዴት ነሽ በሏት በል።»

ጨመርኩት። ያ ወረቀት ዛሬ ሌላ ቤት በር ላይ አለ።

እናንተም ቤት እንደ እትዬ ያለች ሰው ካለች፣ ዛሬ ማታ ደውሉላት። ስለ ታማሚው ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ እሷ ጠይቁ። መልሷ «ደህና ነኝ» ከሆነ፣ ደግማችሁ ጠይቁ።